ከጀበል ዓሊ እስከ መርሳ

ዱባይ ውስጥ ራስ አል ኾር በሚባለው የመኪና ገበያ ነገሩን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ገዢ መጀመሪያ ሞተር አያስነሣም። በር ይከፍታል። የበሩን ዙሪያ የያዘውን ላስቲክ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከውጭው ጋር ያስተያያል፤ ከተለየ መኪናዋ ቀለም ገብታለች ማለት ነው፤ ቀለም የገባች መኪና ደግሞ ለምን እንደገባች ትጠየቃለች። ቀጥሎ የወንበሩን ቀበቶ እስከ ጫፉ ይስባል። ከግርጌው በተሰፋው ጨርቅ ላይ የተሠራበት ዘመን ታትሟል። የመስታወቶቹንም ጥግ አንድ በአንድ ያነባል፤ አራቱ የአንድ ዓመት ሆነው አምስተኛው በሦስት ዓመት ከተለየ፣ አንድ ቀን ተሰብሮ ተተክቷል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 60,000 እያለ የፍሬን መርገጫው ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ ቆጣሪው ወደኋላ ተመልሷል። ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ ይዳሰሳል፣ የሞተር ዘይት ክዳኑ ተከፍቶ ከውስጥ በኩል ነጭ አረፋ እንዳለው ይታያል፤ አረፋ ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር ከሰነዱ ጋር የሚመሳከረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ዋጋ የሚጠራውም ያን ጊዜ ነው።

ገበያው ሰፊ ነው። በአካባቢው አገሮች የተነዱ መኪኖች እዚህ ይሸጣሉ፤ ዱካምዝ በሚባለው ነፃ ቀጠና ደግሞ ከጃፓን የመጡ መኪኖች ወደ አፍሪካና እስያ መልሰው ይላካሉ። ጃፓን በግራ ስለምትነዳ መሪያቸው በቀኝ ነው። ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ወደ ቀኝ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ለኢትዮጵያ ገዢ መሪዋ በግራ ያለ መኪና ያስፈልገዋል፤ ወይ የባሕረ ሰላጤው፣ ወይ የአውሮፓ፣ ካልሆነም መሪዋ ወደ ግራ የዞረላት። አዲስ አበባን የሞሏት ቪትሶች ብዙዎቹ ይህን ቀዶ ጥገና ያለፉ ናቸው። ያሪሶቹ በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጡ ስለሆነ መሪያቸው ከጥንቱም በግራ ነው፤ ደላላ "ኧረ ይቺ የአውሮፓ ናት" እያለ ዋጋ የሚጨምረውም ለዚህ ነው። ዕቃው የሚንቀሳቀሰው ደግሞ በዓለም ዙሪያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ2015 እስከ 2018 ድረስ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል። ትልቋ ተቀባይ አፍሪካ ነበረች።

የዚህ ጽሑፍ መንገድ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያመራል፤ ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ሀብሩ ወረዳ።

ከወልድያ ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ መርሳ አለች፣ የሀብሩ ዋና ከተማ። ከወልድያ ከፍታ ወርዶ የሚመጣ ሰው ሙቀቱን በመስኮት ይቀበላል። ዙሪያው ማሽላና ጤፍ ነው፤ ግራና በሚባለው አካባቢ በመስኖ የሚለማ አትክልት አለ፤ መንገድ ላይ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ይታያል። መሬቱ መልካም ነው፣ ግን ጠቧል። አባት ለአራት ልጅ የሚያካፍለው እርሻ የለውም። ስለዚህ ከሀብሩ፣ ከጉባላፍቶና ከቆቦ የሚነሣ ወጣት ፊቱን ወደ ምሥራቅ ካዞረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ። ሴቶቹ ብዙዎቹ በኮንትራት በአውሮፕላን ሄደዋል፤ ለሪያድ፣ ለጅዳ፣ ለዱባይ ቤቶች። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ወሎ ውስጥ ከተመላሾቹ አንድም ዘመድ ያልነበረው መንደር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

መኪና የሚገዛው በዚህ ገንዘብ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ የእህት ነው፣ መሪውን የሚይዘው ወንድም። ይህ በግልጽ መጻፍ ያለበት ነገር ነው፤ ሊብሬው ላይ ስሟ አይገኝምና። በሰው አገር ሌሊት እየተነሣች ልብስ የተኮሰች፣ የሰው ልጅ ያሳደገች ሴት በስልክ "ወንድምዓለም፣ መኪናው እንዴት ነው? ይሠራል?" ትላለች። እሱም "አብሽሪ እታለም፣ ይሠራል" ይላታል። ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን መኪናው በማን ስም ይመዝገብ፣ የቀን ገቢው እንዴት ይያዝ፣ ስትመለስ ምን ድርሻ ይኖራታል የሚለው ንግግር መኪናው ከመገዛቱ በፊት መደረግ አለበት፤ የሚነሣው ግን በአብዛኛው ስትመለስ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ መኪናውም አርጅቷል።

የተገዛችው መኪና ከጀበል ዓሊ ወደብ በመርከብ ትጫናለች። በራሷ ጎማ ተነድታ በምትገባበት መርከብ ወይም በኮንቴይነር ታስራ የዓረብን ልሳነ ምድር ዞራ፣ ባብ ኤል መንደብ መግቢያ ላይ ካለችው ጅቡቲ ትደርሳለች። ጅቡቲ ለኢትዮጵያ መኪና አዲስ ደጃፍ አይደለችም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከዚያው ባሕር ዳር አስነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በሰውና በእንስሳ ጉልበት ጭምር እያስጎተተ፣ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ፊት አድርሷታል። ለአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዷ ናት። በሌላ ሰው እጅ ተሠርታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ በረሃ አቋርጣ መምጣት እንግዲህ ከዚያ ጀምሮ ያለ ታሪክ ነው።

ለወሎ ሰው ግን ደጁ አሰብ ነበር። ከአሰብ ተነሥቶ በማንዳና በሚሌ አልፎ ባቲን፣ ከዚያ ኮምቦልቻን የሚይዘው መንገድ የደሴና የወልድያ የባሕር መንገድ ሆኖ ኖሯል። ኤንትሬ እየተባሉ የሚጠሩት የፊያት የጭነት መኪኖች ባቲ ዳገት ላይ እያቃሰቱ ሲወጡ ያየ ትውልድ ዛሬም አለ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ከጅቡቲ የወጣች መኪና ጋላፊ ላይ ድንበር ትሻገራለች። ከዚያ ዲቾቶ፣ ሰርዶ፣ ሰመራ፣ ሎግያ፣ ሚሌ። መንገዱ ጥቁር ድንጋይና አቧራ ነው፣ ቀን ቀን ደግሞ ሙቀቱ የጎማ ጠላት ነው። ከመርከብ የወረደች፣ ወራት ቆማ የከረመች አሮጌ መኪና የምትፈተነው እዚህ ነው። ራዲያተሯ ደክሞ ከሆነ ሎግያ ሳትደርስ ትናገራለች። በሁለቱም አቅጣጫ ከባድ ተሳቢዎች ያለ ማቋረጥ ይመላለሳሉ፤ በመንገዱ ዳር ተገልብጠው የቀሩትም ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ የሚገባው በአዋሽ በኩል ይቀጥላል። ወሎ የሚገባው ሚሌ ላይ፣ ጉምሩኩን አልፎ፣ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። አንዱ መንገድ በጭፍራና በሐራ ወጥቶ ወልድያን ይገናኛል። ሌላው የጥንቱ ነው፤ በሰኞ ገበያዋ በምትታወቀው ባቲ በኩል ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ ብሎ መርሳ ይገባል። ከሐይቅ በኋላ አምባሰልን ታክኮ ወደ ውጫሌ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ፍሬን ይመረምራል። ዱባይ ላይ የመርገጫውን ጎማ አይቶ ያለፈ ገዢ ውጤቱን የሚያገኘው እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው።

መኪና መርሳ ስትገባ ቡና ይፈላል። ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል፣ ወሎ ነውና። ለዘመድ አንድ ዙር ይነዳል። ከዚያ ሥራ ነው። የሀብሩ መኪና ለጌጥ የሚቆም ዕቃ አይደለም። ሽንኩርት ሳይበሰብስ ከግራና ወደ ዋናው መንገድ ይወጣል፤ ምጥ የጠናባት ሴት ወልድያ ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ተማሪ ወደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ሙሽራ ይታጀባል፣ አስከሬንም ይሸኛል። አባዱላ የሚባለው ሃይሩፍ ቶዮታ ከወልድያ መርሳ እየተመላለሰ፣ ቅጥቅጡ ደሴ ድረስ እየዘለቀ፣ አይሱዙው እህል እየጫነ፣ የከተማው ኑሮ የሚሽከረከረው በእነዚህ ነው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከረዳቶቻቸው ዕድሜ ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የጉምሩክ ሒሳብ ነው። ለረጅም ጊዜ የነበረው አሠራር እንዲህ ነበር፤ ለቤት መኪና 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ በሞተሩ ትልቅነት 30፣ 60 ወይም 100 በመቶ ኤክሳይስ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 3 በመቶ ቅድመ ግብር። ችግሩ ከቅድመ ግብሩ በቀር እያንዳንዱ ከሥሩ ባለው ላይ መደራረቡ ነው። ወደብ ላይ 100,000 ብር የተገመተች፣ ሞተሯ ከ1300 ሲሲ የማይበልጥ መኪና ትወሰድ። ቀረጡ ሲጨመር 135,000፣ ኤክሳይሱ ሲጨመር 175,500፣ በቫት 201,825፣ በሱር ታክስ 222,000 ገደማ፣ ከቅድመ ግብሩ ጋር 225,000 ብር ገደማ። ከዋጋዋ በላይ ግብሯ ነው። ያም ሆኖ ያረጀች መኪና የሚታሰብላት ዋጋ በእርጅናዋ ልክ ዝቅ ይልላት ስለነበረ፣ አሮጌ መግዛት ለአነስተኛ አቅም መውጫ በር ነበር።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ይህን ገለበጠው። አዲስ የሆነች፣ ሞተሯ ከ1300 ሲሲ የማይበልጥ መኪና ኤክሳይሷ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ያችው መኪና ከሰባት ዓመት በላይ ካገለገለች 405 በመቶ ሆነ፤ ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነችው አሮጌ ደግሞ 500 በመቶ። ሒሳቡ ይደገም። 100,000 ብር የተገመተች ትንሽ አዲስ መኪና በዚያው ስሌት ወደ 182,000 ብር ገደማ ትገባለች። በዚያው 100,000 ብር የተገመተች አሮጌ ግን ወደ 865,000 ብር ትደርሳለች።

የመንግሥት ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ያረጀ መኪና ጭስ ነው፣ አደጋ ነው፣ መለዋወጫ የሚበላ የውጭ ምንዛሪ ነው። ኬንያም ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም። አምባሰል ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ካለው አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ የተሳፈረ ሰው በሕጉ ሊከራከር አይችልም። ነገር ግን አንድ ነገር አብሮ መታየት ነበረበት። አዲስ መኪና ወደብ ላይ በ100,000 ብር አይገኝም። ሕጉ የአዲሱን ግብር ሲያረክስ ዋጋውን አላረከሰም፤ የአሮጌውን ሲያስወድድ ግን የሀብሩን ሰው ብቸኛ ምርጫ ነው የዘጋው። የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ታክሲ ይሳፈራል፣ ባቡር ይሳፈራል። ከዋናው መንገድ ርቆ የሚኖር የግራና ገበሬ ሌላ አማራጭ አልነበረውም፣ የለውምም።

ከዚያ በኋላ በሮቹ አንድ በአንድ ነው የተዘጉት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከተደረጉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ መኪና ነበረበት። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ገለጹ። በሐምሌ 22፣ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ አብሮ ተነሣ፤ የነዳጅ አውቶሞቢሉ ግን እንደተከለከለ ቀረ። 8,000 ዶላር የምታወጣ መኪና ለማምጣት ሪያድ ላይ ገንዘብ ታጠራቅም የነበረች ሴት፣ ዕቅዷ የተለወጠው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ደመወዟ አልተለወጠም።

አሁን መምጣት የሚችለው የኤሌክትሪኩ ነው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ከኤክሳይስ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎት፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ አስቀርቶለት ነበር። የአዲስ አበባ ጎዳና በቢዋይዲና በቻይና በተሠሩ የቮልስዋገን መኪኖች ተሞልቷል። ሐሳቡ በራሱ ትክክል ነው። አገሪቱ ነዳጅ በዶላር ትገዛለች፣ ኤሌክትሪክ ግን ታመነጫለች፤ ጳጉሜን 4፣ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር በእጥፍ ዋጋ ለሚገዛ የወልድያ ባጃጅ ነጂ፣ ማታ ቤቱ ሰክቶ ጠዋት የሚያስነሣው ተሽከርካሪ ትልቅ እፎይታ ይሆን ነበር።

ግን ወልድያ የምታውቀው ሌላም ነገር አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ መብራት፣ ስልክና ባንክ አልነበራትም። ለወራት። ሕዝቡ እህል ለማስፈጨት ተቸግሯል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልልን የያዘው ግጭት ደግሞ መንገዱን በየጊዜው ይዘጋል፣ ኔትወርክ ያቋርጣል። እንዲህ ያለ አካባቢ ያለ ሰው መኪናውን ሙሉ በሙሉ በአንድ የመብራት ገመድ ላይ እንዲጥል ሲጠየቅ ቢያመነታ፣ ያየውን አይቶ ነው። ርቀቱም አለ። ከአዲስ አበባ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጣርማ በር አለ። በአንድ ሙሌት 300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሜዳ ነው የሚሄደው፤ ዳገትና ጭነት ሲጨመር ያ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚነዳ ሰው መሐል ላይ መሙያ ይፈልጋል።

መሙያው መኪናውን መቅደም ነበረበት። ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ መርሳ፣ ወልድያ ላይ አስተማማኝ መሙያና መካኒክ ቢቀድም፣ ክልከላው እዚህ ለደረሰ ሰው እንደ ቅጣት ባልተቆጠረ ነበር። ለገጠር የሕዝብ ማመላለሻ ደግሞ ጥብቅ ምርመራ ያለፈ፣ ዕድሜው የተወሰነ ያገለገለ መኪና የሚገባበት ጊዜያዊ በር ቢተው ሕይወት ያተርፍ ነበር፤ ክልከላው አሮጌውን መኪና ከመንገድ አላወጣውምና። አዲስ እንዳይተካው ብቻ ነው ያደረገው።

የሆነውም ይኸው ነው። ዛሬ የሀብሩ ገዢ ዱባይን ትቶ አዲስ አበባ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ይፈልጋል። አገር ውስጥ ያለው መኪና ዋጋው ወጣ፤ ሃያ ዓመት የተነዳች ኮሮላ ከተገዛችበት በብዙ እጥፍ ትሸጣለች። ሞተሯ የወረደ ዶልፊን ሚኒባስ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገብታ ሌላ ሞተር ይጫንላታል፣ አካሏ ተበይዶ ቀለም ይቀባና "ያልተነካች" ተብላ ትወጣለች። ገዢውም የበሩን ላስቲክ ይገልጣል፣ ቀበቶውን ይስባል፣ የመስታወቱን ጥግ ያነባል። አገር ቤት ደግሞ የሚጨመር ምርመራ አለ፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መግጠሙ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩ፣ ቦሎዋ የዘመኑ መሆኑ፣ በቀረጥ ነፃ ገብታ ከሆነ ቀረጧ መከፈሉ። ሻጩ ለውል ሳይቀርብ ቀብድ አይሰጥም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መርሳ ያለው ወንድም ነው፤ እህቱ ጅዳ ላይ ስልኳን ይዛ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ እያሰፋች ታያለች፣ "የኋላውን ጎማ አሳየኝ፣ ከሥሩም አንሣልኝ" ትላለች፣ ከዚያም ሊብሬው በማን ስም እንደሚዞር ትጠይቃለች።